የተዘጋው የከሰል ማዕድን መሬት ለምን ወደ ላይ ይነሣል?

«በባሕር ዳር በቅየሳ ሙያ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። በአንድ ሥልጠና ላይ በአውሮፓ ከብዙ ዓመታት በፊት በተዘጉ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ማውጫዎች ላይ በሳተላይት ራዳር የተሠራ ባለቀለም ካርታ አሳዩን። መሬቱ ይሰምጣል ብዬ ስጠብቅ ካርታው በዓመት እስከ አንድ ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ እንደሚነሣ ያሳያል። ውስጡ የተቦረቦረ መሬት እንዴት ይነሣል? ሳተላይቱ ተሳስቶ ይሆን? ትክክል ከሆነስ ይህ ዘዴ ለጭልጋ ከሰልና በከተማችን ግድግዳቸው ለሚሰነጠቅ ቤቶች ይሠራል?»

ምላሽ፦

ያዩት ካርታ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ጥርጣሬዎም ቢሆን ያለ ቦታው የገባ አይደለም። እንዲያውም በዚህ ሙያ የሚሠራ ሰው ሁሉ አስቀድሞ ሊያነሣው የሚገባ ጥያቄ ነው። ራዳሩ «መሬቱ ተነሣ» ወይም «መሬቱ ሰመጠ» ብሎ አይነግረንም። የሚነግረን በአንድ ነጥብና በሳተላይቱ መካከል ያለው ርቀት፣ ከሌላ ነጥብ አንጻር ሲታይ፣ ይህን ያህል አጠረ ወይም ረዘመ የሚለውን ብቻ ነው። የለውጡ ትርጉም የሚታወቀው ከመሬቱ በታች ያለው ውሃ ምን እያደረገ እንደሆነ ሲታወቅ ነው፤ በተዘጉ የከሰል ማዕድናት ላይ ደግሞ ነገሩ ከሞላ ጎደል የውሃ ጉዳይ ነው። ምላሼ ረዘም ቢልም ከዚህ አሳብ አይወጣም። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ልኬቱን እንመልከት። ብዙ ተመራማሪ የሚጠቀምበት ሴንቲኔል-1 የተባለው የአውሮፓ ሳተላይት ከምድር 693 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይዞራል፤ በዚህ ስም የሚጠራው የመጀመሪያው ሳተላይት ወደ ሕዋ የወጣው በኤፕሪል 2014 ሲሆን፣ እያንዳንዱ ሳተላይት በየ12 ቀኑ በዚያው መስመር ተመልሶ ያልፋል። የሚልከው ሞገድ ርዝመቱ 5.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከዚህ ሁሉ ርቀት ሚሊ ሜትር መለካቱ የማይታመን የሚመስለው ጠቅላላውን ርቀት በሚሊ ሜትር የሚቆጥር ስለሚመስለን ነው። አንድ ሰው ረጅም ግድግዳ በስንዝር ሲለካ የቆጠረው ስንዝር ስንት እንደሆነ ቢጠፋበት እንኳ፣ ከመጨረሻው ስንዝር በኋላ የተረፈችውን ቁራጭ በጣቱ ስፋት ልክ ማወቅ ይችላል። ራዳሩም የሚያውቀው ይህችን ቁራጭ ነው፤ በሙያው ፌዝ እንላታለን። ከ12 ቀን በኋላ ሲመለስ ቁራጯ ምን ያህል እንደተለወጠች ያያል፤ የሙሉ ስንዝሮቹ ቁጥር ባይታወቅም ግድ የለም። ሞገዱ ሄዶ የሚመለስ በመሆኑ መሬቱ ወደ ሳተላይቱ በ2.8 ሴንቲ ሜትር ሲቀርብ ወይም ሲርቅ ፌዙ አንድ ሙሉ ዙር ይዞራል። ኢንተርፌሮግራም በሚባለው ምስል ላይ እንደ ቀስተ ደመና ተደርድረው የሚታዩት ቀለማት አንድ ጊዜ ተሟልተው ሲደገሙም ይህንኑ 2.8 ሴንቲ ሜትር ያመለክታሉ።

ዘዴው በዓለም ዘንድ የታወቀው በ1992 በካሊፎርኒያ የተከሠተውን የላንደርስ የመሬት መንቀጥቀጥ የሚያሳየው ምስል በ1993 በታተመ ጊዜ ነው። ለእኛ አገር ደግሞ እንግዳ አይደለም። በሴፕቴምበር 2005 በአፋር ደባሁ አጠገብ መሬቱ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ይዞ ሲሰነጠቅና በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ሲከፈት፣ የእንቅስቃሴውን መጠን ያሳወቀን ኤንቪሳት የተባለው የራዳር ሳተላይት ነው። በከሰል ማዕድን ላይ ግን የምንፈልገው ሜትር ሳይሆን በዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። ሁለት ምስል ብቻ አስተያይቶ ይህን ማግኘት አይቻልም፤ የአየሩ እርጥበት ብቻውን ከዚህ የበለጠ ስሕተት ያስገባል። በ2001 የሚላኖ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ዘዴ በአሥሮች የሚቆጠሩ ምስሎችን ደርድሮ፣ ለዓመታት ነጸብራቃቸው የማይለወጥ ነጥቦችን ማለትም የቤት ማዕዘን፣ የብረት ምሰሶ፣ የድልድይ ጠርዝ፣ ያፈጠጠ ዓለት ለይቶ በእነርሱ ላይ ብቻ ይሠራል። ምስሎቹ መቶ ሲደርሱ በዓመት አንድ ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ፍጥነት መለየት ይቻላል።

ከዚህ አንድ ሰው ብዙ ጊዜ የማያስተውለው ነገር ይከተላል። ራዳሩ በሁለት ማለፊያዎች መካከል ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ነጥቦች ከ1.4 ሴንቲ ሜትር በላይ ከተለያዩ የዙሩ ቁጥር ይምታታበታል። በሥራ ላይ ያለ ዘመናዊ የከሰል ማዕድን፣ ንጣፉን በረጅሙ እየላጨ ጣሪያውን ከኋላው እየጣለ የሚሄደው ዓይነት፣ በሳምንታት ውስጥ መሬቱን በብዙ አሥር ሴንቲ ሜትር ሊያሰምጥ ስለሚችል ካርታው እዚያ ላይ ተቀዳዶ ይቀራል። የተዘጋ ማዕድን ግን ዝግ ብሎ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ይህ መሣሪያ ከሕያው ማዕድን ይልቅ ሰው ትቶት ለሄደው ማዕድን የተመቸ ነው፤ ሰው ሲሄድ ቀያሹም አብሮ ስለሚሄድ ደግሞ ልኬት ይበልጥ የሚያስፈልገው ለዚያው ነው።

ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልመለስ። ከሰል ከመሬት በታች ሲወጣ ማዕድን ማውጫው ከአካባቢው የከርሰ ምድር ውሃ ወለል በታች ይወርዳል፤ ካልተቀዳ ይሞላል። በመሆኑም ፓምፖች ሌሊትና ቀን ለአሥርተ ዓመታት ይሠራሉ። በእነዚህ ዓመታት ሁለት ነገር ይሆናል። ከሰሉ የወጣበት ክፍተት ጣሪያው ይወድቅበትና መሬቱ ከላይ ይሰምጣል፤ ንጣፉ ሙሉ በሙሉ ከወጣና ክፍተቱ ካልተሞላ የመስመጡ መጠን የንጣፉን ውፍረት አብዛኛውን ክፍል ያህላል፤ ከዚህም የሚበልጠው ከሰሉ በወጣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይጠናቀቃል። በጀርመን ሩር ሸለቆ ብዙ ንጣፍ ተደራርቦ ስለወጣ በአንዳንድ ቦታ መሬቱ ከ20 ሜትር በላይ ዝቅ ብሏል። ሁለተኛው፣ ውሃው ስለተቀዳ በዓለቱ ቀዳዳና ስንጥቅ ውስጥ የነበረው ግፊት ይጠፋል፤ ከላይ ያለውን ጫና ሁሉ ዓለቱና የወደቀው ስብርባሪ ብቻቸውን ይሸከማሉ፤ በመሸከማቸውም ይጨመቃሉ።

ማዕድኑ ይዘጋል፤ ፓምፑ ይቆማል። ውሃው በዝግታ፣ አንዳንዴ በ10፣ አንዳንዴ በ30 ዓመት፣ ወደ ቀድሞ ወለሉ ይመለሳል። በስብርባሪው መካከል ሲገባ ከላይ ካለው ጫና የተወሰነውን በግፊቱ ይረከባል። ከባድ ሸክም ተሸክሞ የጎበጠ ሰው ሌላው ከኋላ ገብቶ ሲያግዘው ወገቡን ቀና እንደሚያደርግ፣ ዓለቱም ጥቂት ቀና ይላል። የሸክላ ባሕርይ ያላቸው ንጣፎችም ውሃ ሲያገኙ ያብጣሉ። እነዚህ ጥቃቅን መፍታታቶች በመቶዎች ሜትር ውፍረት ላይ ሲደመሩ ላይ ያለው መሬት በሴንቲ ሜትር ይነሣል። ስለዚህ የተቦረቦረው መሬት የሚነሣው ባዶ ስለሆነ አይደለም፤ ባዶው በውሃ ስለተሞላ ነው። የሚነሣውም ቀድሞ ከሰመጠው ጋር ሲነጻጸር ጥቂት መቶኛ ብቻ ነው፤ ሜትሮች የሰመጠ ሰፈር በሴንቲ ሜትር ይነሣል እንጂ ወደ ቦታው አይመለስም።

ይህ በብዙ አገር ታይቷል። በደቡባዊ ኔዘርላንድ ሊምቡርግ የመጨረሻዎቹ ማዕድናት በ1974 መጨረሻ ተዘጉ፤ በአጎራባች የጀርመን ማዕድናት ደኅንነት ምክንያት ውሃ መቅዳቱ ግን እስከ 1994 ቀጥሎ ነበር። በ1991 የተላከው ኢአርኤስ-1 እና ተከታዮቹ ሳተላይቶች የመሬቱን መነሣት ለአሥርተ ዓመታት ተከታትለዋል። በብሪታንያ የመጨረሻው ጥልቅ የከሰል ማዕድን ኬሊንግሊ በዲሴምበር 2015 ቢዘጋም፣ ቀድመው በተዘጉት የደቡብ ዌልስ ማዕድናት ላይ ራዳሩ በዓመት እስከ አንድ ሴንቲ ሜትር የሚደርስ መነሣት አሳይቷል፤ እርስዎ ያዩት ካርታም ከዚህ ዓይነቱ ይመስለኛል። ሩር ደግሞ የመጨረሻውን ማዕድን በዲሴምበር 2018 ቦትሮፕ ላይ ቢዘጋም ፓምፖቹን ጨርሶ ማቆም አይችልም፤ የሰመጠው መሬት ከወንዞቹ ወለል በታች ስለሆነ ከተሞቹ በውሃ እንዳይዋጡ ለዘለዓለም መቅዳት አለባቸው። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ የሚያሳዝነኝ ከሰሉን ያወጣውና የሸጠው ትውልድ አልፎ ወጪው ከሰሉን ላላየ ልጅ መቅረቱ ነው።

«ከተነሣ መልካም አይደለም ወይ?» የሚል ጥያቄ ሊመጣ ይችላል። መላው ሰፈር አብሮ በእኩል ቢነሣ ማንም አያውቀውም። አደጋው ያለው በልዩነቱ ላይ ነው። በከሰል ንጣፎች መካከል የሚያልፉ የዓለት ስብራቶች ብዙ ጊዜ ውሃውን እንደ ግድብ ያግዱታል፤ በአንዱ ወገን ውሃው ሲሞላ በሌላው አይሞላም፤ አንዱ ወገን ይነሣል፣ ሌላው ባለበት ይቀራል። በስብራቱ ላይ የቆመ ቤት ይሰነጠቃል። በምዕራብ ጀርመን ዋሰንበርግ በምትባል ትንሽ ከተማ የኤርክለንዝ አካባቢ ማዕድን በ1997 ከተዘጋ በኋላ በእንዲህ ዓይነት መስመር ላይ የተሠሩ ቤቶች ግድግዳቸው ተሰንጥቋል። በካርታው ላይ መታየት ያለበት ዋና ነገር እንግዲህ በጣም ቀይ ወይም በጣም ሰማያዊ የሆነው መሐል አይደለም፤ ቀለሙ በአጭር ርቀት የሚለወጥበት ጠርዝ ነው። ሥልጠናው ላይ ይህን ሳይነግሯችሁ ከቀሩ ዋናውን ነገር አስቀርተውባችኋል።

ሌላው አደጋ ከዚህ የተለየ ነው፤ እዚህ ላይ ራዳሩን ከልክ በላይ እንዳያምኑት አደራ እላለሁ። በጥንት ጊዜ ከመሬቱ ወለል ቅርብ ሆነው የተቆፈሩ ማዕድናት አብዛኛውን ከሰል አውጥተው ጣሪያውን እንዲደግፍ ከፊሉን እንደ ምሰሶ ትተውት ይወጡ ነበር። ምሰሶው መቶ ዓመት ሊቆም ይችላል፤ ከዚያ ውሃ እያላላው ይደክማል። ጣሪያው በትንሽ በትንሹ ሲወድቅ ክፍተቱ ወደ ላይ ይጓዛል። የወደቀ ዓለት ሲሰባበር ከቀድሞው የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ክፍተቱ እየተሞላ ሄዶ ይቆማል፤ መሐንዲሶች በልምድ እንደ መለኪያ የሚይዙት ክፍተቱ ከከሰሉ ውፍረት እስከ አሥር እጥፍ ወደ ላይ ሊጓዝ እንደሚችል ነው። ሁለት ሜትር ውፍረት ያለው ንጣፍ ከ20 ሜትር ባነሰ ጥልቀት ከወጣ ከላይ ድንገት ጉድጓድ ሊከፈት ይችላል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ጉድጓድ ስፋቱ ጥቂት ሜትር ነው፤ የሴንቲኔል-1 አንድ የምስል ነጥብ ግን 5 በ20 ሜትር ያህል ይሸፍናል። ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ምልክት ሳያሳይ ይከፈታል፤ ካሳየም በነጥቡ ውስጥ ይዋጣል። ሆኖም ሁልጊዜ አይደለም። በኔዘርላንድ ሄርለን ከተማ በ2011 አንድ የገበያ ማዕከል ሥሩ በመስመጡ ከፊሉ መፍረስ ነበረበት፤ ኋላ የቆዩት የራዳር መዛግብት ሲመረመሩ ሕንፃው ከዓመታት በፊት ጀምሮ መንቀሳቀሱ በውስጣቸው ተመዝግቦ ተገኝቷል። መረጃው ነበረ፤ የተመለከተው ሰው ግን አልነበረም። ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ ሳነብ ሁልጊዜ ቆም እላለሁ፤ ምክንያቱም የጎደለው መሣሪያ ሳይሆን የሚከታተል ሰው ነበር።

«ሳተላይቱ ተሳስቶ ይሆን?» ላሉት፣ ሳተላይቱ እምብዛም አይሳሳትም፤ የምንሳሳተው እኛ ነን፤ ብዙ ጊዜም የማጣቀሻ ነጥቡን፣ ማለትም እንደ ዜሮ ተወስዶ ሌላው ሁሉ ከእርሱ አንጻር የሚለካበትን ቦታ፣ ስንመርጥ ነው። ከዓመታት በፊት ከባልደረቦቼ ጋር ባሕር ዳርን የሚሸፍን የእንቅስቃሴ ካርታ ሠርተን ነበር። ለማጣቀሻ የመረጥነው ነጸብራቁ እጅግ ብሩህ የሆነ አንድ ትልቅ መጋዘን ነበር፤ በምስሉ ላይ እንደ ኮከብ ያበራል። ካርታው ሲወጣ ከተማዋ በሞላ በየዓመቱ ሐምሌና ነሐሴ ላይ በአንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ሰምጣ በጥርና የካቲት ትመለሳለች። ለሳምንት ያህል ምክንያት ስንፈልግ ቆየን፤ የሐይቁ ክብደት ነው የሚል ሐሳብም አቀረብን። በመጨረሻ አንድ ባልደረባችን ካርታውን አይቶ ጣቱን ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኘው በቤዛዊት ኮረብታ ላይ አኖረና «ይህ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ይህም ይሰምጣል ማለት ነው?» አለን። መጋዘኑ የቆመው በዋልካ አፈር ላይ ነበር። ክረምት ሲገባ ዋልካው ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ መጋዘኑን ያነሣዋል፤ መጋዘኑ ዜሮ ነው ብለን ስለወሰንን ሌላው ዓለም ሁሉ ሰመጠ። ነጥቡን ወደ ኮረብታው ዓለት ስንወስደው ከተማው ጸጥ አለ፤ መጋዘኑና በዋልካ ላይ ያሉ ጥቂት ሰፈሮች ብቻ ከፍ ዝቅ ሲሉ ታዩ። በከሰል ማዕድን ላይም ስሕተቱ ይኸው ነው፤ ማጣቀሻው ራሱ ውሃ እየተመለሰበት ባለ መሬት ላይ ከተተከለ የማይንቀሳቀሰው አካባቢ የሚሰምጥ ሆኖ ይታያል።

አቅጣጫም ሌላ ጉዳይ ነው። ሳተላይቱ በቀጥታ ወደ ታች ሳይሆን አጋድሞ፣ ከቀጥታው 39 ዲግሪ ገደማ ወደ ጎን ዘንበል ብሎ ያያል። መሬቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ቀጥ ብሎ ቢነሣ ራዳሩ የሚያየው 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ የሚሄድ መሬትም እንደሚነሣ ወይም እንደሚሰምጥ ሆኖ ሊታይ ይችላል፤ በማዕድን ጠርዝ ላይ መሬቱ ወደ መሐል ስለሚሳብ ይህ ተራ ነገር አይደለም። መፍትሔው ሳተላይቱ ወደ ሰሜን ሲወጣና ወደ ደቡብ ሲወርድ የወሰዳቸውን ሁለት ዓይነት ምስሎች አጣምሮ መሥራት ነው፤ በእኛ ሰዓት አንደኛው ምሽት 12 ሰዓት ገደማ፣ ሌላው ንጋት 12 ሰዓት ገደማ ያልፋል። የሰሜንና የደቡብ እንቅስቃሴ ግን በሁለቱም እምብዛም አይታይም። ለሚያጠኑት ቦታ ሁለቱም መኖራቸውን ከመጀመርዎ በፊት የምስሎቹን ማኅደር ከፍተው ያረጋግጡ።

እንግዲህ ወደ ጭልጋ። ከጎንደር ወደ ምዕራብ በአይከል አካባቢ ያለው ከሰል ከ27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከነበረ ረግረግ የተገኘ ሲሆን ከሸክላና ከእሳተ ገሞራ አመድ ጋር ተፈራርቆ የተነጠፈ ነው። እንደ ሊምቡርግ ወይም እንደ ሩር ያለ የመቶ ዓመት የከርሰ ምድር ቁፋሮ ታሪክ የለውምና እዚያ «የተዘጋ ማዕድን መነሣት» ለመፈለግ መሄድ ትርፍ የለውም። ነገር ግን እነዚያ አገሮች ሊያገኙት የማይችሉት ዕድል አለን። ዌልስና ሩር መሬታቸው ከመቆፈሩ በፊት እንዴት ይንቀሳቀስ እንደነበር የሚያሳይ የራዳር መዝገብ የላቸውም፤ ማዕድኑ ከራዳሩ ይቀድማል። ለጭልጋ ግን የሴንቲኔል-1 ማኅደር ከ2014 ጀምሮ በነፃ ተቀምጦ አለ። ከሰሉ ለሲሚንቶ ፋብሪካም ሆነ ለሌላ በሰፊው ከመውጣቱ በፊት መሬቱ በክረምትና በበጋ የሚያሳየው ተፈጥሯዊ እንቅስቃሴ ዛሬ ቢመዘገብ፣ ነገ ከቁፋሮ የሚመጣው ለውጥ ከዚያ ተለይቶ ይታወቃል፤ የገበሬው ቤት ቢሰነጠቅም ክርክሩ በግምት አይሆንም። የመመረቂያ ጽሑፍዎ ርእስ ገና ካልተቆረጠ ከልቤ የምመክርዎ ይህን ነው።

ችግሩ ዕፅዋት ነው። የጤፍ ማሳ፣ ሣር፣ ቁጥቋጦ በ12 ቀን ውስጥ ያድጋሉ፣ ይታጨዳሉ፣ ይታረሳሉ፤ የ5.5 ሴንቲ ሜትር ሞገድ ቅጠሉን እንጂ መሬቱን ስለማያይ ፌዙ ይበተናል። ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ምስል በገጠር ብዙ ጊዜ አይረባም፤ የበጋውን ከበጋ ጋር ማያያዝ ይሻላል። ረጅም ሞገድ ቅጠሉን አልፎ ይገባል፤ በጁላይ 2025 የተላከው ኒሳር የተባለው የአሜሪካና የህንድ ሳተላይት ዋና ራዳሩ 24 ሴንቲ ሜትር ሞገድ ስላለው ለእንዲህ ያለው ገጠር ትልቅ ተስፋ ነው። ሌላው መንገድ ሰው ሠራሽ አንጸባራቂ መትከል ነው፤ ሦስት ባለ ሦስት ማዕዘን የአሉሚኒየም ገበታዎች እንደ ክፍል ማዕዘን እርስ በርስ ቀጥ ብለው ሲጋጠሙ ራዳሩን ወደ መጣበት ይመልሱታል። እኛ ጠርዙ አንድ ሜትር የሆነውን በባሕር ዳር አንድ ብረታ ብረት ቤት አሠርተናል። ሠራተኛው በየመጋጠሚያው ስኳድራውን እያስገባ፣ ብርሃን ሾልኮ ካየ እየፈታ ሦስት ጊዜ ገጠመው፤ ማዕዘኑ አንድ ዲግሪ ቢያጋድል ነጸብራቁ ስለሚደክም ትዕግሥቱ ለእኛ ከማንኛውም ሶፍትዌር በላይ ዋጋ ነበረው። ከታች የዝናብ ማፍሰሻ ቀዳዳ አበጀን። የረሳነው አጥሩን ነው። በሁለተኛው ወር መረጃው ላይ በአንድ ማለፊያ ብቻ የዘለለ ነጥብ አየን፤ ቦታው ስንደርስ የከብት ጠጉር በጠርዙ ላይ ተጣብቆ ነበር፤ አንድ በሬ ታክኮበት መሠረቱን አነቃንቆታል። እሾህ አጠርንለት፤ መሠረቱንም እስከ ዓለቱ ወርደን በኮንክሪት አሰርነው። ዋልካ ላይ የተተከለ አንጸባራቂ የሚለካው ዋልካውን እንጂ ማዕድኑን አይደለምና።

በጣና ዳርቻ ለሚሠራ ሁለት ነገር ልጨምር። የመጀመሪያው፣ ሐይቁ በክረምት ማብቂያ ከበጋው መጨረሻ ይልቅ ወደ 1.5 ሜትር ከፍ ይላል፤ በ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ይህ ብዙ ቢሊዮን ቶን ውሃ ስለሆነ ዳርቻውን ሁሉ በጥቂት ሚሊ ሜትር ሊጫነው እንደሚችል በተለመደው ቀመር ይሰላል። ነገር ግን ሰፊውን አካባቢ አንድ ላይ የሚያወርድ በመሆኑ በከተማው ውስጥ ቅርብ ማጣቀሻ ከተያዘ ይጣፋል። ሁለተኛው ደንገል ነው። በደንገልና በጎርፍ በተዋጠ ሣር ውስጥ ራዳሩ ከውሃው ወለል ወደ ግንዱ፣ ከግንዱ ወደ ሳተላይቱ ነጥሮ ሊመለስ ይችላል፤ ያኔ የሚለካው የውሃውን መውጣትና መውረድ ነው። የውሃ ባለሙያ ሆን ብሎ ይጠቀምበታል፤ የመሬት እንቅስቃሴ የሚፈልግ ግን የዳርቻውን ረግረግ ከካርታው አውጥቶ ይሥራ።

በከተማችን ስለሚሰነጠቁት ቤቶች ያለኝ መልስ አጭር ነው። ራዳሩ የትኛው ሰፈር በዓመት ውስጥ ከፍ ዝቅ እንደሚልና የትኛው ባለማቋረጥ ወደ አንድ አቅጣጫ እንደሚሄድ መለየት ይችላል፤ ይህ ለከተማ ፕላን ትልቅ ነገር ነው። የእርስዎ ጎረቤት ግድግዳ ለምን እንደተሰነጠቀ ግን አይነግርዎትም። ለዚያ በስንጥቁ ላይ ጀሶ ለጥፈው ቀኑን ይጻፉበት፤ በአንዱ ወቅት ተሰንጥቆ በሌላው ከተጋጠመ ዋልካው ሊሆን ይችላል፤ እየሰፋ ብቻ ከሄደ መሐንዲስ ይጥሩ። የቆርቆሮ ክዳን ሲቀየር ወይም ፎቅ ሲጨመር ያ ነጥብ ከራዳሩ ዝርዝር ይወጣልና፣ በጥናቱ ዘመን ሰፈሩ ውስጥ ምን እንደተሠራና እንደፈረሰ የሚያውቅ ነዋሪ አብሮዎት ይመዝግብ።

ሥራውን ሲጀምሩ ሶፍትዌሩን አያስቀድሙ። ስናፕም ሆነ ሚንትፓይ በነፃ ይገኛሉ፤ አጠቃቀማቸውንም በጥቂት ወራት ይለምዱታል። አስቀድመው ሊይዙት የሚገባዎት ለሚያጠኑት አካባቢ ሁለት ወይም ሦስት የውሃ ጉድጓዶች ነው፤ ባለቤቶቹን አስፈቅደው የውሃውን ጥልቀት ጫፉ ላይ ክብደት በታሰረበት ሜትር ይለኩ። የሚለኩበትን ቀን ደግሞ ሳተላይቱ በዚያ መስመር ከሚያልፍበት ቀን ጋር ያስተካክሉት፤ በየ12 ቀኑ፣ በዚያው ጠዋት፣ ሰው ውሃ መቅዳት ከመጀመሩ በፊት።